አልቆም ያለ የቧንቧ እጀታ፦ ሚክሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት ፈትታችሁ እዩት

እጃችሁ ሳሙና ነው። የሚክሰሩን (ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚቀላቅለው ቧንቧ) እጀታ በክንዳችሁ ገፋ አድርጋችሁ ከፈታችሁ። ውሃው መጣ። ሳሙናው ሳይለቅ ግን እጀታው ቀስ እያለ ወረደ፤ ውሃውም ቀጠነ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እንደገና ከፈታችሁ፣ እንደገና ወረደ። ሲቆይ በአንድ እጅ እጀታውን ደግፎ በሌላው ሰሃን ማጠብ ይለመዳል።

ብዙ ሰው "ሚክሰሩ አልቆለታል" ብሎ አዲስ ይገዛል። እኔም አንድ ጊዜ ገዝቻለሁ። የገጠመልኝ ባለሙያ አሮጌውን ነቅሎ ከበር ጀርባ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ እስቲ ምን ሆኖ ነው ብዬ ፈታታሁት። ውስጡ ያለች አንዲት ዳዶ ላልታ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ጠበቅ ሳደርጋት እጀታው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያ ሚክሰር ዛሬም ልብስ ማጠቢያው ጋ ይሠራል፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

እጀታውን ምን ይዞት ነው የሚቆመው?

ብዙዎች ውስጡ ስፕሪንግ ያለ ይመስላቸዋል። በተለመደው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ውስጥ እጀታውን ደግፎ የሚይዝ ስፕሪንግ የለም። ከፍ ያደረጋችሁት እጀታ እዚያው የሚቆየው በሰበቃ ብቻ ነው።

እጀታው ሥር ካርትሪጅ የሚባል በርሜል መሰል ፕላስቲክ አለ። በውስጡ ሁለት የሴራሚክ ንጣፎች ተደራርበዋል፤ ገጻቸው እንደ መስታወት የለሰለሰ ነው። የታችኛው አይንቀሳቀስም፣ የቀዝቃዛና የሙቅ ውሃ ቀዳዳዎች አሉት። የላይኛው ከእጀታው ጋር ይሄዳል፤ ቀዳዳዎቹን ይገልጣል ወይም ይሸፍናል። ከካርትሪጁ ሥር ያሉት ጎሚኒዎች ንጣፎቹን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ ከላይ ያለው ዳዶ ደግሞ ሁሉንም ወደ ታች ይጫናል። በዚህ መሃል ነው ንጣፎቹ ተጨቁነው የሚኖሩት። ጭቆናው ሲቀንስ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ሰበቃው ከእጀታው ክብደት ሲያንስ እጀታው ይወርዳል።

ስለዚህ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፦ መያዣው የት ጋ ላላ? ቦታዎቹ ሦስት ናቸው። እጀታውን ከካርትሪጁ መሃል ከሚወጣው ዘንግ ጋር የምታያይዘው ብሎን፣ ካርትሪጁን የሚጫነው ዳዶ፣ ራሱ ካርትሪጁ። ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን።

ሳትፈቱ የሚታዩ ነገሮች

እጀታው ላይ ስፖንጅ ወይም ፎጣ የመስቀል ልማድ አለ? ውሃ የጠጣ ስፖንጅ ከባድ ነው። መጀመሪያ እሱን አንሱና አንድ ቀን ሞክሩት። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን የሚሠራበት ጊዜ አለ። በፊት ከነበረው የረዘመ ወይም የከበደ እጀታ ተቀይሮለት ከሆነም እንዲሁ ነው። ሌላ ዕቃ ላይ የነበረ እጀታ መጠኑ ገጠመ ማለት ክብደቱም ገጠመ ማለት አይደለም።

እጀታው ከፍ እንዳለ ቆሞ ውሃው ብቻ ከቀነሰ ደግሞ ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም። ያን ጊዜ የቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ፍቱና ደለል እንዳለባት እዩ። ከሲንኩ ሥር ያለው መዝጊያ እስከ መጨረሻው መከፈቱንም አረጋግጡ።

እጀታው ብቻ ሳይሆን ሚክሰሩ በሙሉ ከነግንዱ የሚወዛወዝ ከሆነ የላላው ከሲንኩ ሥር የሚያስረው ዳዶ ነው። ከሥር ገብታችሁ እሱን አጥብቁ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ እጀታውን ሞክሩ።

በሕዝብ መታጠቢያ ቤት የምታዩት፣ ተጭነውት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱ የሚዘጋው ዓይነት ደግሞ የተሠራው እንዲዘጋ ነው። እሱን አትነካኩት።

ውሃ መዝጋትና መዘጋጀት

ከሲንኩ ሥር ሁለት ትንንሽ መዝጊያዎች አሉ፤ አንግል ቫልቭ የሚባሉት። ሁለቱንም ወደ ቀኝ አዙራችሁ ዝጉ። ከሌሉ ወይም ዝገው አልዞር ካሉ ዋናውን ዝጉ። አልዞር ያለ አሮጌ መዝጊያ በግድ አይታገሉትም፤ አንገቱ ከተሰበረ ከእጀታ ችግር ወደ ጎርፍ ትሻገራላችሁ። ከዘጋችሁ በኋላ ሚክሰሩን ክፈቱ። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ይውጣ፤ መዘጋቱንም ታረጋግጣላችሁ። በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ሞክሩ።

አሁን የሲንኩን ቀዳዳ ድፈኑ። እባካችሁ ይህን አትዝለሉ። እጀታውን የምትይዘው ብሎን ከሩዝ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። እኔ "አንድ ደቂቃ ነው" ብዬ ሳልደፍን ጀምሬ፣ ብሎኗ ጣቴን አምልጣ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። የአንድ ደቂቃው ሥራ የሲንኩን ሲፎን ማውረድ ጨምሮ ግማሽ ቀን ሆነ። አሮጌ ፎጣም ሲንኩ ውስጥ አንጥፉ፤ ቁልፍ ቢወድቅ ኤናሜሉን አያቆስልም።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ትንሽ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የብሩጎላ ስብስብ፣ የእንግሊዝ ቁልፍ፣ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ትንሽ አቼቶ። እያንዳንዱን ነገር ስትፈቱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስትገጥሙ "ይቺ ቀለበት በየት በኩል ነበረች?" የሚለው ጥያቄ የማይቀር ነው።

እጀታውን ማውለቅ

እጀታው ላይ፣ ፊት ለፊት ወይም ከኋላው፣ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለባት ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ፈልጉ። በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ፈልቅቋት። ከሥሯ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ጭንቅላት የሌላት የብሩጎላ ብሎን ተቀምጣለች። ክዳን የሌለው እጀታ ከሆነ ቀዳዳው ከሥሩ ሊሆን ይችላል፤ የስልክ መብራት አብሩና አጎንብሳችሁ እዩ።

የብሩጎላው መጠን ብዙ ጊዜ 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ሥሪት ከሆነ ግን በኢንች ነው፤ 3/32 ወይም 1/8። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። 1/8 ኢንች ማለት 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ ይገባበታል፤ ግን ክፍተት ይኖረዋል። ስታዞሩት ማዕዘኑን ይልጠዋል። የተላጠ ብሎን ማውጣት ሌላ ሙያ ነው። ብሩጎላው ሲገባ ጥብቅ ካላለ ሌላ መጠን ሞክሩ።

ከማላላታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ማጥበቂያው አዙሯት። ሩብ ዙር ወይም ከዚያ በላይ ከሄደች ምናልባት ችግራችሁን አገኛችሁት። አጥብቋትና እጀታውን ሞክሩ። ከቆመ ክዳኗን መልሱ፣ ውሃውን ክፈቱ፣ ሥራው አለቀ።

ካልቆመ አሁን አላሏትና እጀታውን ወደ ላይ ሳቡት። አልወጣ ካለ ከውስጥ ነጭ የውሃ ጨው ይዞት ነው። አትደብድቡት፤ ከሥር ያለው ሴራሚክ በምት ይሰነጠቃል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ጠቅልሉበትና ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፤ ከዚያ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ሳቡ።

የጣት ፈተና

ከዚህ ሁሉ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። እጀታው ሲወጣ ከካርትሪጁ መሃል ወደ ላይ የወጣ አጭር ዘንግ ታያላችሁ። እሱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ኋላና ወደ ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱት።

ዘንጉ ከበድ ብሎ፣ እንደ ወፍራም ማር የሚሄድ ከሆነና ያቆማችሁበት ቦታ ከቀረ ካርትሪጁ ጤነኛ ነው። ችግሩ እጀታው ጋ ነው። ዘንጉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ግን ችግሩ ከሥር ነው፤ ወይ ዳዶው ላልቷል ወይ ካርትሪጁ ደክሟል።

ችግሩ እጀታው ጋ ሲሆን

እጀታውን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። ዘንጉ የሚገባበት አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። ማዕዘኖቹ ተበልተው ክብ ወደ መሆን ከሄዱ እጀታው ዘንጉ ላይ ይላወሳል፤ ብሎኗን የቱንም ያህል ብታጠብቁ ከቀናት በኋላ መልሶ ይላላል። ይህ እጀታ መቀየር አለበት። በአንዳንድ ሞዴሎች በዘንጉና በእጀታው መሃል ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ትገባለች። የተበላችው እሷ ከሆነች እሷን ብቻ መቀየር ይበቃል። ቴፍሎን ጠቅልሎ ማጥበቅ ለጊዜው ይሠራል፤ ግን ጊዜያዊ መሆኑን እያወቃችሁ አድርጉት።

እጀታው ደህና ከሆነ የብሎኗን ማረፊያ አጽዱ። ብዙ ዘንጎች በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ አላቸው፤ የብሎኗ ጫፍ ማረፍ ያለበት እዚያ ነው። ዘንጉ ላይ ጭረቶች ካያችሁ ብሎኗ ከቦታዋ ውጪ ስትጠብቅ ኖራለች ማለት ነው። እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች ገፍታችሁ አጥብቁ። ብሎኗ ቶሎ ቶሎ የምትላላ ከሆነ በመደብር የሚሸጠው የብሎን ማጣበቂያ አለ፤ ጠንካራውን ሳይሆን ተመልሶ የሚፈታውን ዓይነት አንድ ጠብታ ጥርሱ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ዳዶው ሲላላ

በብዙ ሚክሰሮች ላይ መጀመሪያ የምታዩት የሚያብረቀርቅ ጉልላት መሰል ቆብ ነው። እሱ ለውበት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በእጅ ይፈታል። ካልሆነ ጨርቅ ደርባችሁ በቁልፍ ፍቱት፣ እንዳይጫር። ከሥሩ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ዳዶ አለ። የእኔን ሚክሰር ያስጣለችኝ ይቺ ናት።

በአንድ እጅ የሚክሰሩን ግንድ ያዙ፤ ግንዱ አብሮ እንዳይዞር። በሌላው ዳዶውን በቁልፍ ወደ ቀኝ አዙሩት። ትንሽ ትንሽ፣ በአንድ ጊዜ ከስምንተኛ ዙር አይብለጥ። ከእያንዳንዱ በኋላ እጀታውን ሳታስሩት ዘንጉ ላይ አስቀምጡና ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት። የሚቆምበት ላይ ስትደርሱ አቁሙ።

እዚህ ላይ ጉልበት ጠላት ነው። ዳዶው ከመጠን በላይ ከጠበቀ የካርትሪጁ ፕላስቲክ ይጨመቃል፣ እጀታውም ይከብዳል። የሚከብድ እጀታ በየቀኑ በኃይል ሲታገል ብሎኗን መልሶ ያላላታል። የፕላስቲክ ዳዶ ከሆነ ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ልክ ሲሆን እጀታው በአንድ ጣት ይነሳል፣ ሲለቁት ግን ንቅንቅ አይልም።

ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ እጀታ ሲቸግረው ዘይት የሚረጭ ሰው አለ። ዘይት ለከበደ ነገር ነው። የእኛ እጀታ ችግሩ ሰበቃ ማጣት ነው፤ ዘይት ጨምረንበት ሊቆም አይችልም። በዚያ ላይ የፔትሮሊየም ዘይትና ቫዝሊን ለመጠጥ ውሃ ቧንቧ የሚሆኑትን ጎሚኒዎች ብዙዎቹን ያሳብጣል።

ካርትሪጁን መቀየር

ዳዶው ጠብቆም ዘንጉ እንደ ልቡ የሚል ከሆነ ካርትሪጁ ሠርቶ ሠርቶ ደክሟል። ጎሚኒዎቹ ተጨፍልቀው መግፋት አቁመዋል፤ በንጣፎቹ መሃል የነበረው ግራሶም ታጥቦ ሄዷል። የአውሮፓው ኢኤን 817 መስፈርት ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር 70,000 ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ እንዲፈተን ይጠይቃል። በቀን 50 ጊዜ የሚከፈት የወጥ ቤት ቧንቧ ይህን ቁጥር አራት ዓመት ሳይሞላው ያልፈዋል። ጥሩ ካርትሪጅ ከዚያ ብዙ ይሄዳል፤ ርካሹ ግን እዚያ አካባቢ መንገዳገድ ቢጀምር አትገረሙ።

ዳዶውን ሙሉ በሙሉ ፍቱና ካርትሪጁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አውጡት። የወጣውን ይዛችሁ ሂዱ። ይህ የእኔ ጥብቅ ምክር ነው፤ በቃል ገልጾ መግዛት ሁለተኛ መንገድ ያስኬዳል። የብዙዎቹ ወርድ 35 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ አነስ ያሉት 25 ናቸው። ወርዱ ቢገጥም ግን አይበቃም። ከሥሩ ያሉት ሁለት እግሮች የሚገቡበት ርቀት፣ የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ፣ የዘንጉ ቁመትና ውፍረት፣ መቀመጫው ጠፍጣፋ ወይም ከፍ ያለ መሆኑ፣ ሁሉም መመሳሰል አለበት። የሁለቱን ሆድ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የሚክሰሩን ውስጥ በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎሚኒው ሥር ከቀረች ቧንቧው ያንጠባጥባል። ከሥር ባሉት ጎሚኒዎች ላይ ለመጠጥ ውሃ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶ በስሱ መቀባት ይቻላል። ሴራሚኮቹን ግን ከፍታችሁ አትንኩ፤ ከፋብሪካ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። እግሮቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ሲገቡ ካርትሪጁ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አይዞርም። ከተንጋደደ አልገባም፤ በዳዶ ጨቁናችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ። ከዚያ ዳዶውን በእጅ አስገቡና ከላይ እንዳልኩት በቁልፍ ትንሽ ትንሽ አጥብቁ።

ስትከፍቱ ወንፊቷን ከቧንቧው አፍ አውልቃችሁ፣ ሚክሰሩን ከፍታችሁ፣ ከዚያ የሥሩን መዝጊያዎች ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የተነሳው ደለል ወንፊቷ ላይ ከሚሰበሰብ ታጥቦ ይሂድ። በግራ ሙቅ፣ በቀኝ ቀዝቃዛ መምጣቱን እዩ። ከተገላበጠ ካርትሪጁን ግማሽ ዙር አዙራችሁ አስገብታችሁታል ማለት ነው።

ሌሎች ዓይነቶች

ባለ ኳስ ሚክሰር የሚባል የቆየ ዓይነት አለ፤ በተለይ በአሜሪካው ዴልታ ስም ይታወቃል። እጀታው የሚሄደው ቀዳዳ ባለው ኳስ ላይ ነው። ኳሱን የሚጫነው ከቆቡ አናት ላይ ያለ ጥርስ ያለው ቀለበት ነው። የዚህ ዓይነቱ እጀታ ሲወድቅ ሙሉ መፍታት አያስፈልግም። እጀታውን አውልቁና ቀለበቱን ትንሽ ወደ ቀኝ አጥብቁ። የራሱ መፍቻ አለው፤ ከጠፋ ሁለት ጫፍ ያለው ፒንሳ ጥርሶቹ ውስጥ አስገብቶ ማዞር ይቻላል። በእጀታው ሥር ውሃ ሲያዥ የነበረም ከሆነ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆማል።

ባለ ሁለት እጀታ አሮጌ ቧንቧ እንዲህ አይወድቅም፤ የሚሽከረከር ነው። ሆኖም ውሃው ሲሄድ እየተንቀጠቀጠ ራሱን የሚያዞር ካለ በእጀታው ሥር፣ ዘንጉን የሚያቅፈውን ዳዶ ስምንተኛ ዙር አጥብቁ። ካልበቃው ዳዶውን አውጥታችሁ ውስጡ ያለውን ማሸጊያ ክር መቀየር ነው። እጀታው ዝም ብሎ እየዞረ ውሃው የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ የእጀታው ውስጥ ጥርስ ተልጧል፤ እጀታ ቀይሩ።

የሻወር ሚክሰር ሥራው አንድ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይበልጣል። እዚያ ውሃውን የሚያቋርጠው መዝጊያ ብዙ ጊዜ ግድግዳ ውስጥ ወይም ዋናው ብቻ ነው። ደግሞም ላልቶ የሚንሸራተት የሻወር እጀታ ወደ ጎን ከሄደ ወደ ሙቁ ሊሄድ ይችላል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውሃ የአዋቂን ቆዳ ለማቃጠል 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ለሕፃን ከዚያም ያነሰ። የሚገርመው ባለ አንድ እጀታ ሚክሰር ራሱ የታሰበው በተቃጠለ እጅ ምክንያት ነው። አል ሞኤን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1937 ተማሪ ሳለ ከባለ ሁለት እጀታ ቧንቧ የወጣ ፍል ውሃ እጁን ለበለበው፤ ሐሳቡ ሚክሰር ሆኖ ገበያ የወጣው በ1947 ነው። ስለዚህ የወጥ ቤቱን ለነገ ብትሉ እንኳ የሻወሩን ዛሬ ሥሩት።

መቼ እጅ መስጠት?

ዳዶው በዝገት ተጣብቆ ግንዱ አብሮ መጠምዘዝ ከጀመረ አቁሙ። ከሥር ያሉት ፍሌክሲብል ቱቦዎች ተጣምመው ሊቀደዱ ይችላሉ። የሚክሰሩ ግንድ ካርትሪጁ በሚቀመጥበት ቦታ ተበልቶ ወይም ተሰንጥቆ ካገኛችሁትም አዲስ ካርትሪጅ ገንዘብ ማባከን ነው። ያን ጊዜ ሙሉ ሚክሰር ይቀየር።

ሁሉን ገጥማችሁ ስትጨርሱ ይህን አድርጉ። እጀታውን ግማሽ ድረስ ብቻ ክፈቱ፤ ደካማ እጀታ ቶሎ የሚጋለጠው እዚያ ነው። እጃችሁን ልቀቁና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። በቀዝቃዛው፣ በመሃሉ፣ ከዚያ በሙቁ በኩል ድገሙት። የቧንቧውን ግንድም በመዳፋችሁ ቸብ ቸብ አድርጉት። ካልወረደ የክዳኗን ቀይና ሰማያዊ በትክክለኛው ጎን አድርጋችሁ ግጠሟት። ከሲንኩ ሥር ደረቅ ወረቀት አንጥፋችሁ ሂዱ፤ ጠዋት ወረቀቱ ላይ የጠብታ ምልክት ካለ ካርትሪጁን የሚጫነው ዳዶ ሌላ ስምንተኛ ዙር ይፈልጋል።